የሄስተር ፓስክ በር

ስኪነር ግቢ ውስጥ ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሐኪሙም በፊት የምትጠራው ኬዛያ ታራንት ነበረች። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ ሞቶባት ጥቁር ከለበሰች ስምንተኛ ዓመቷን በያዘችበት በዚያ ነሐሴ፣ ኬዛያ የሃምሳ ሦስት ዓመት መበለት ነበረች፤ አጥንቷ ሰፊ፣ ንግግሯ ጥቂት። በቤርሞንድሲ ሰፈር ቆዳ ፋብሪካዎች መካከል ተወልዳ እዚያው እያረጀች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሬሳ ስትገንዝ ኖራለች። አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ ለአገጭ ማሰሪያ የሚሆን ጨርቅ፣ ዓይን መክደኛ ሁለት ከባድ የመዳብ ሳንቲም፤ ዕቃዋ ይኸው ነበር። ክፍያው እንደ ሰዉ ነው፤ አንዱ ሽልንግ ይሰጣታል፣ ሌላው አንድ ብርጭቆ ጂን ቀድቶ «እግዜር ይስጥልን» ይላታል።

ሰፈሩ ራሱ ይገማል። ኖራ ጉድጓድ ውስጥ የተነከረ ቆዳ፣ የሚበሰብስ የሥጋ ቅራፊ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆዳ ለማለስለስ በበርሜል የሚበጠበጠው የውሻ ኩስ። ኬዛያ ለዚህ ሁሉ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። ሬሳም አያስጠላትም። «የሞተ ሰው ምን ያደርግሻል? አያማሽ፣ አይዋሽሽ» ትል ነበር። እስከዚያ ነሐሴ ድረስ የሚያስጠላት ነገር ምን እንደሆነ ቢጠይቋት መልስ አልነበራትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ላቪኒያ ክራውች በሯን በጡጫ ደበደበችው። ላቪኒያ የግቢው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል የሚያልፍ፣ ክፋት የሌላት ግን አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«እማማ ታራንት! ነይ ቶሎ! ሄስተርን አርደዋታል!»

«ማንን?»

«ሄስተር ፓስክን ነው የምልሽ! እንደ ጥንቸሏ!»

ሄስተር ፓስክ ምድር ቤት ብቻዋን የምትኖር፣ ለባርኔጣ ሠሪዎች ከጥንቸል ቆዳ ላይ ፀጉር እየነጨች የምታድር ሴት ነበረች። ኬዛያ ስትደርስ በሩ ላይ ስምንት ዘጠኝ ወንዶች ተጋፍተው አንገታቸውን ያስግጋሉ። ሄስተር አልጋዋ ሥር ወድቃለች። አንገቷ ተቆርጧል። ቀሚሷ እስከ ጭኗ ተሰብስቧል። ከጥንቸሉ ቆዳ የተነጨው ብናኝ ደሙ ላይ አርፎ ግራጫ ቅርፊት ሠርቶበታል። አንዱ ወንድ ከኋላ ያለው እንዲያይ ብሎ ጎንበስ አለለት።

«ውጡ!» አለች ኬዛያ። «እናታችሁን እንዲህ ሆና ብታገኟት ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«ወደ ፖሊስ ተልኳል፣ እማማ። እስኪመጣ ምንም አይነካ።»

«ፖሊስም ወንድ ነው» አለችና በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው።

ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ሄስተርን አልጋ ላይ አወጣቻት፤ አጠበቻት። ሦስት ባልዲ ውሃ አለቀ። ጥፍሮቿ ሥር የገባውን ቆሻሻ በመርፌ አወጣችው። ፀጉሯን አበጠረች፤ አንገቷን በንጹሕ ሻርፕ ሸፈነች። ሬሳ ባለበት ቤት እንደሚደረገው መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠረጴዛው ላይ ሻይ የደረቀባቸው ሁለት ስኒዎች ነበሩ፤ ለስንብት የሚመጣው ሰው ሄስተርን ዝርክርክ ነበረች እንዳይላት እነሱንም አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋቻቸው። ወለሉን ወለወለች። ሲያልቅ በሩን ከፈተች፤ ሰዉም እንደ ደንቡ እየገባ ሟቿ በሕልሙ እንዳትመጣበት ግንባሯን እየነካ ወጣ። ፖሊስ ሲደርስ አርባ ሰው ገብቶ ወጥቷል።

ኢንስፔክተር ፔቭሲ ከወንዙ ማዶ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና አልጋው አጠገብ ቆመ።

«ማነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ኬዛያ፣ ትንሽ ኮራ ብላ።

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ስሚ ሴትዮ። ከእሷ ሌላ እዚህ ክፍል ውስጥ የነካሽው ነገር አለ?»

ኬዛያ ፊቷ ቀላ። ድሃ ቤት ሬሳ የገነዘች ሴት እንዲህ ተብላ ስትጠየቅ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ምን ሰረቅሽ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሬሳ ቤት ክር አውጥታ አታውቅም።

«ምንም ጌታዬ! እሷን ብቻ ነው የነካሁት። ሰፈሩን ይጠይቁ።»

«አምኛለሁ፣ አምኛለሁ» አለና እሷን አስወጥቶ በሩን ለመዝጋት ሳበው። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በትከሻ ከፍታ፣ የደም እጅ ታትሞ ነበር። ፔቭሲ መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ። በገመድ ለካው፤ ጎንበስ ብሎ በጎን አየው፤ ከዚያ አብሮት ለመጣው ፖሊስ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ፣ ያነበበውን ነገረው።

«ግራ እጅ። ሰፊ፤ የወንድ ነው። ሲወጣ በሩን ገፍቶበታል። ትንሿ ጣት ለብቻዋ ወደ ውጭ ወጥታለች፣ አየህ? ቢላዋውን እዚያው መዳፉ ውስጥ በሁለት ጣት ይዞ ነው የገፋው። ግራኝ ፈልግልኝ።»

ግራኝ ሩቅ አልነበረም። ፎቁ ላይ ፊንታን ሙልካሂ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት አየርላንዳዊ ይኖር ነበር፤ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ከጥሬ ቆዳ ላይ ሥጋ ይፍቃል። ሸሚዙ ሁልጊዜ ደም ነው። በማግሥቱ ረቡዕ እጁን አስረው ሲያወጡት ግቢው ሁለት ረድፍ ሠርቶ ጠበቀው። ትናንት ትምባሆ ሲለምኑት የነበሩ ሰዎች ተፉበት። አንዲት ሴት ለፋብሪካ ልትሸጥ የሰበሰበችውን የውሻ ኩስ በባልዲው አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችበት፤ ሰዉም አጨበጨበላት። ኬዛያ ደረጃው ላይ ቆማ አየች። ሄስተርን የገደለ እጅ ይቆረጥ ብላ አሰበች፤ ያም ሆኖ አላጨበጨበችም።

ሐሙስ የአሟሟት ምርመራው «ሦስቱ በጎች» በተባለው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተከፈተ። በሕጉ ፈራጆች ሬሳውን በዓይናቸው ማየት አለባቸውና ለፈራጅነት የተመረጡት አሥራ ሁለት ነጋዴዎች ሬሳዋ ወደተቀመጠበት፣ መጠጥ ቤቱ ጓሮ ወዳለው የበርሜል ማስቀመጫ ወረዱ። በዚያ ሙቀት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ኬዛያ ያሰረችውን ሻርፕ አንዱ በዱላው ጫፍ ገለጠው። ሲመለሱ ግማሾቹ ገርጥተዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ የበግ ጎድን ከነድንቹ አዘው ዳኛው እስኪቀመጥ ጣታቸውን ይልሱ ነበር። ሐኪሙ የፊንታን ሸሚዝ ላይ ያለው ደም የሰው ይሁን የከብት መለየት አልችልም አለ። ኬዛያን ስሟን ጠይቀው፣ ሬሳው የሄስተር መሆኑን አስመስክረው አስቀመጧት። ችሎቱ ለሳምንት ተቀጠረ።

ዓርብ ሄስተር ተቀበረች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አከራዩ ሚስተር ስላዴን በሯ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠና ለማየት ለሚገባ ሁሉ አንድ ፔኒ ማስከፈል ጀመረ። የደም እጁን ማንም እንዳይነካው የመስኮት መስታወት ደግፎበታል። ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ሰው መጣ። ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ተሰለፉ። የአልጋውን መጋረጃ በመቀስ እየቆረጡ ለማስታወሻ ወሰዱት። አንዱ የተቀቀለ አሳማ እግር የሚሸጥ ሰው ሳህኑን ይዞ ሰልፉ መሀል ይመላለሳል።

«ነይ እንጂ እንይ» አለቻት ላቪኒያ። «አንቺን አያስከፍልም። አንቺማ የቤት ሰው ነሽ።»

«እኔ አይቻታለሁ።»

«እሷን አየሽ እንጂ እጁን መች አየሽው! ሚስተር ስላዴን፣ እማማ ታራንትን በነፃ ታስገባለህ አይደል?»

«ካጠበቻት በኋላማ እንዴት አስከፍላታለሁ!» ብሎ ሳቀ ስላዴን። «እሷ ባታሳምራት ኖሮ ግን ሁለት ሁለት ፔኒ እቀበል ነበር።»

ኬዛያ ገባች። መስታወቱ ላይ ሰዎች ሲጠጉ የተነፈሱት እንፋሎትና የአሳማ ስብ የነካው የጣት ምልክት ነበር። ከሥሩ እጁ። ሰፊ መዳፍ። አራት ጣት አንድ ላይ፤ ትንሿ ጣት ግን እንደተሰበረ ቅርንጫፍ ወደ ጎን። ደሙ የወፈረ አልነበረም፤ በውሃ የቀጠነ ነበር፤ ከጣቶቹ ሥር ወደ ታች ወርዶ ነጠብጣብ ሆኖ ደርቋል።

ኬዛያ ግራ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ ልብስ መጭመቂያ ማሽን ትንሿን ጣቷን ሰብሮባት ጠማማ ሆና ድናለች። እጇም የወንድ እጅ ነው እየተባለ ሲቀለድባት ነው ያደገችው። አሁን ሁሉም ነገር እንደ ትናንት መጣላት። የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ ቀልቶ ሞልቶ ነበር። በቀኝ እጇ አንጠልጥላ ልትደፋ ስትወጣ፣ ያ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ሁልጊዜም ይጣበቃል፤ በግራዋ ገፋችው።

«ምን ሆነሽ? ነጭ ሆንሽ እኮ» አለች ላቪኒያ። «አይ አንቺ! የሬሳ ሰው ሆነሽ እጅ አስፈራሽ?»

ኬዛያ ወጣችና የቦዩ ዳር ሄዳ አስመለሳት። ሃያ ሁለት ዓመት ያልሆነችው ነገር ነው።

ከዚያ ስድስት ቀን ዝም አለች። ይህን ማንም አላስገደዳትም፤ ስለዚህ በማንም ማሳበብ አይቻልም። በየጠዋቱ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ ትላለች፤ በየማታው ነገ ትላለች። «ምንም አልነካሁም» ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። አሁን ሄዳ እጁ የኔ ነው ብትል ገዳይዋ አንቺ ነሽ አይሏትም? ባይሏትስ፣ ማስረጃ ያበላሸች ሴት ናት ከተባለች ማን ደጁ ላይ ያስጠጋታል? የምትበላው ከሬሳ ነው። ደግሞም ምናልባት ፊንታን ገድሏት ሊሆን ይችላል ትላለች ለራሷ። ሸሚዙ ደም አለበት። ይህን ስታስብ ትንሽ ይቀላታል፤ ቀለል ማለቷ ደግሞ መልሶ ያስጠላታል። እሁድ ዕለት ነገሩ እንደማይመለከታት ሆና ላቪኒያን ጠየቀቻት።

«ያ ልጅ ይሰቀላል ብለሽ ነው?»

«እንዴታ! ችሎቱ ጥፋተኛ ካለው በመስከረም ያነቁታል። እድለ ቢሶች ነን እንጂ፣ አሁን አሁን እስር ቤት ውስጥ ነው የሚሰቅሉት፤ እንደ ድሮው ወጥተን አናይም።»

ኬዛያ በዚያች ቀን ላቪኒያን ትኩር ብላ አየቻት። ደግ ሴት ናት፤ ኬዛያ ስትታመም ሾርባ አምጥታላታለች። ከንፈሯ ላይ የአሳማ እግር ስብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ፔቭሲ በሩን ከማጠፊያው አስነቅሎ፣ ለአራት ሰው አሸክሞ ወደ «ሦስቱ በጎች» አስወሰደው። ሕዝቡ እንደ ታቦት አጀበው። አንድ ግጥም ሻጭ ከፊት ከፊት እየሄደ «የሄስተር ፓስክ ሙሾ፣ ከነገዳይዋ ስም!» እያለ ይጮኻል። ፎቁ ላይ በሩን ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት። ፊንታን በሁለት ፖሊሶች መሀል ተይዞ ቆሟል፤ ጢሙ አድጓል፣ ከንፈሩ ላይ የደረቀ ቁስል አለ። ፔቭሲ በዱላ እየጠቆመ እጁን ለፈራጆቹ አነበበላቸው። ወርዱን። ከፍታውን። ትንሿን ጣት። ቢላዋውን።

«የተያዘው ሰው ትንሽ ጣት ግን ቀጥ ያለች ናት» አለ አንዱ ፈራጅ፣ ሥጋ ሻጩ።

«ቢላዋ ሲይዝ ትከፈታለች ብያለሁ፣ ጌታዬ። ቢላዋ ይዘው ያውቃሉ?»

ሳቅ ሆነ። ሥጋ ሻጩም ሳቀ፤ አሳማኝ ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ኬዛያ ሳቁን ሰማች፤ ፊንታን ያልገባው ቀልድ እንዳለ ሰው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሲያይ አየችው። ሳታስበው ተነስታ ቆማለች።

«ጌታዬ» አለች ወደ ዳኛው። «ያ እጅ የኔ ነው።»

«ተቀመጪ ሴትዮ።»

«የኔ ነው ጌታዬ። አሳይዎታለሁ።»

ማንም ሳያዛት በወንበሮቹ መካከል ሄደች። ግራ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ፣ በደረቀው ደም ላይ አሳረፈችው። መዳፉ ገጠመ። ጠማማዋ ጣት ጠማማው ቦታ ላይ ተኛች። ከታች ግጥም ሻጩ አሁንም ይጮኻል።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «መቼ ነው የነካሽው?»

«ውሃውን ልደፋ ስወጣ። ሳጥባት።»

«ፖሊስ ሳይመጣ ለምን አጠብሻት?»

ኬዛያ ጥያቄው አልገባትም። «ሴት ናት ጌታዬ። ቀሚሷ ተገልጦ ነበር።»

«ሌላስ ምን አጠብሽ?»

«ወለሉን። ሁለቱን ስኒዎች።»

ፔቭሲ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ሁለት ስኒ?»

«ሻይ የጠጡበት። እንግዳ ነበራት መሰለኝ።»

«ስኒው ላይ ምን ነበር? ከንፈር ነክቶት ነበር? ትምባሆ? አጠገቡ የወደቀ ነገር?»

«ቆሻሻ ነበር ጌታዬ። አጠብኩት።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ፣ «ጥፍሮቿስ?» አለ። «ታግላ ነበር። ክንዷ ላይ ምልክት አይቻለሁ። ጥፍሮቿ ሥር ምን አገኘሽ?»

«የጥንቸል ፀጉር። ደም። ቆዳ ነገርም ነበር… ፀጉርም ነበር፣ የጥንቸል ያልሆነ።»

«መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

ኬዛያ ለማስታወስ ሞከረች። ዓይኗን ጨፈነች። መርፌው ታያት፤ ባልዲው ጠርዝ ላይ ስትጠርገው ታያት። ፀጉሩ ግን አልታያትም። ጥፍር ስታጸዳ ቆሻሻውን ተመልክታ አታውቅም፤ ማን ይመለከታል?

«አላየሁትም» አለች። «ባልዲው ውስጥ ጨመርኩት። ባልዲውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።»

«ገዳዩን ነው የደፋሽው» አለ ሐኪሙ። አልተቆጣም። ተጸይፏት ነው፤ በዚያ ሙቀት ሬሳዋን ሲያይ ያላዞረውን ፊቱን ከኬዛያ አዞረ።

ፈራጆቹ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ግድያው የማይታወቅ ሰው ወይም ሰዎች የፈጸሙት ነው አሉ። ዛሬም አይታወቅም። ፊንታንን ፈቱት። ፔቭሲ ስሙን ከወረቀቱ ሲሰርዝ ወደ እሱ ቀና እንኳን አላለም። ሕዝቡም ያጣው ነገር እንዳለ ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። ስላዴን በሩን መልሶ ሲገጥም የእጁን ምልክት በመጥረቢያ ፋቀው፤ የሴት ገናዥ እጅ ለማየት ፔኒ የሚከፍል የለም።

ፊንታን በማግሥቱ የኬዛያ ደጅ መጣ። ጓዙን በከረጢት ቋጥሯል። አልገባም።

«እጁ ያንቺ መሆኑን ያወቅሽው በችሎቱ ዕለት ነው?» አላት።

መዋሸት ትችል ነበር። «አይደለም። ዓርብ ነው ያወቅሁት።»

«የባለፈው ዓርብ።»

«አዎ።»

«ስድስት ቀን።» ከረጢቱን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረው። «ምን ትበዪ ነበር?»

«ምን?»

«በዚያ ስድስት ቀን። ምን ትበዪ ነበር? ምሳሽ ምን ነበር?»

ኬዛያ ቆሻሻ መልስ ቢሆንም እውነቱን ነገረችው። «ዳቦና ሽንኩርት። እሁድ የበግ አንገት ቀቀልኩ።»

«ጣፈጠሽ?»

«በላሁት።»

ፊንታን ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አልሰደባትም፤ ብትሰደብ ትመርጥ ነበር። ላቪኒያ ወዲያው ብቅ አለች። «ምን አለሽ? አመሰገነሽ አይደል? ነፍሱን እኮ ነው ያተረፍሽለት!»

«ምሳዬን ጠየቀኝ» አለች ኬዛያ፣ በሩንም ዘጋች።

ኬዛያ እንደፈራችው ሰዉ አልሸሻትም። ወሩ ሳያልቅ ከጎን ግቢ አንድ ሽማግሌ በሳንባ በሽታ ሞቶ ልጁ መጣ። «አባባ አርፏል፤ ነይልን እማማ» አላት። ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ክፍሉ ጥሩ ነበር፤ ውሃው ሞቋል፣ ፎጣው ተዘርግቷል፣ ሚስቲቱ ጥግ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ኬዛያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ የሽማግሌውን ጥፍሮች አየች። ጥቁር ነገር ነበራቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የሚያቀልሙበት ቀለም ይመስላል። ይመስላል እንጂ።

«ሐኪም አይቶታል?» አለች።

ልጁ ግራ ገባው። «ለምን? ከገና ጀምሮ ሲያስል አልነበር? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ሐኪም ሳያየው አላጥበውም።»

ሚስቲቱ ለቅሶዋን አቆመች። «ምን ማለትሽ ነው? ገድላችሁታል ልትዪን ነው?»

«አላልኩም እናቴ። አንድ ሐኪም ይጠራ ብቻ ነው የምለው። እኔ ዓይኔን አላምነውም።»

«ውጪ!» አለች ሚስቲቱ። «ውጪ ከቤቴ! አርባ ዓመት ያስታመምኩትን ባሌን… አንቺ የተረገምሽ! ነፍሰ ገዳይ አድርገሽን በየመጠጥ ቤቱ ልትመሰክሪብን ነው?»

ልጁ ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው መራት። ግቢው ውስጥ ሰዎች በየመስኮቱ ወጥተዋል። ኬዛያ ባዶ ባልዲዋን ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ የግቢውን ልብስ አጣቢ፣ ሲጠሩ ሰማች፤ ሴትዮዋም «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሐኪም የጠራ አልነበረም።